ጣርማ በርን በአሮጌ ቮልስ መብራት

ከአዲስ አበባ ደሴ የሚያደርሰው መንገድ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከዚህ ሁሉ ርቀት ሾፌር የሚፈተንበት ቦታ አንድ ነው፤ ጣርማ በር። ደብረ ብርሃንን አልፋችሁ የገብስና የባቄላውን ሜዳ ስትጨርሱ መሬቱ በድንገት ይቆረጣል። ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ተራራውን የሚበሳ ዋሻ ከፊታችሁ ይመጣል። ዋሻው በጣሊያን ወረራ ዘመን የተሠራ ሲሆን ርዝመቱ ከግማሽ ኪሎ ሜትር ትንሽ ያልፋል። ብዙ ሰው ዛሬም «ሙሶሎኒ» እያለ ይጠራዋል። በዚህኛው አፉ ደጋ ነው፤ በወዲያኛው አፉ ወደ ደብረ ሲናና ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርድ ጥምዝምዝ ቁልቁለት።

በክረምት ከታች ከቆላው ሽቅብ የሚወጣው እርጥብ አየር እዚህ ጫፍ ላይ ሲደርስ ይቀዘቅዝና ጭጋግ ይሆናል። ጭጋጉ ሲወርድ ከፊታችሁ ያለውን የጭነት መኪና የምታውቁት በኋላ መብራቱ ብቻ ነው። ከወዲያ የሚመጣውም እናንተን የሚያውቃችሁ በፊት መብራታችሁ ነው። ስለ ጣርማ በር መልክዓ ምድር የጻፉ ብዙዎች ናቸው። እኔ ግን ባለፈው ነሐሴ ከተጓዝኩ በኋላ ስለ ቦታው ሳስብ ቀድሞ የሚመጣልኝ የመብራት ነገር ነው።

መኪናዬ ቮልስ ናት። በፈረንጆች አቆጣጠር የ1969 ሞዴል፣ 12 ቮልት፣ ከሟች ባለቤቴ የቀረችልኝ። ሞተሯ ከኋላ፣ ባትሪዋ ከኋላ ወንበር ሥር፣ ሻንጣዋ ከፊት። ከሃምሳ ዓመት በላይ ያለፈው ሽቦ የሚያመጣውን ነገር እንደ አንድ የቆየ በሽተኛ አውቀዋለሁ። በነርስነት ከሠላሳ ዓመት በላይ ስሠራ የተማርኩት ትልቁ ነገር መድኃኒት ከመስጠት በፊት መጠየቅ ነው። «መቼ ጀመረሽ? አንድ ቦታ ነው ወይስ ሁሉንም? ስትተኚ ነው ወይስ ስትሄጂ የሚብሰው?» የመኪና መብራትም የሚጠየቀው ይኸው ነው።

የጉዞው ምክንያት አንዲት የቀድሞ ባልደረባዬ ነበረች። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ዲፕሎማዬን ይዤ ሸዋ ሮቢት ስመደብ፣ ወባው ሰውን በሚያስተኛበት ወቅት፣ እጄን ይዛ ሥራ ያሳየችኝ እሷ ናት። አሁን ሁለቱም ዓይኖቿ ላይ የዓይን ሞራ ወጥቶባታል። አዲስ አበባ ለቀዶ ሕክምና ቀጠሮ የተሰጣት ሐሙስ ጠዋት በ2 ሰዓት ነው። ወራት የጠበቀችው ቀጠሮ ስለሆነ ካለፋት ሌላ ወራት መጠበቅ ይኖርባታል። በአውቶቡስ ብቻዋን መምጣት አትችልም። ስለዚህ ማክሰኞ ከሰዓት በፊት የእህቴን ልጅ ይዤ ተነሳሁ። ልጁ በሙያ ማሠልጠኛ ኤሌክትሪክ ይማራል፤ ሃያ ዓመቱ ነው፤ ሁሉን ያውቃል።

ሰንዳፋን፣ አለልቱን አልፈን ሸኖ ስንደርስ ሰማዩ ጠቆረና ዝናብ ያዘን። ሸኖ የቅቤ አገር ነው፤ በዚያ መንገድ የሄደ ሰው ለጋ ቅቤ ሳይጠይቅ አያልፍም። እኔም ለባልደረባዬ ልገዛ ቆምኩ። መብራቱን እንዳበራሁ ልጁን «ዞር በልና ከኋላ እይልኝ» አልኩት። የቀኙ የኋላ መብራት የለም።

«አምፖሉ ተቃጥሏል፣ አክስቴ» አለኝ ገና ሳይከፍተው።

የመስታወቱን ብሎኖች በካቻቢቴ ፈትተን አምፖሉን አወጣን። በውስጡ ያለው ክር ደህና ነው። እንግዲህ ወደ ፊውዝ ሳጥን ሄድን። በቮልስ ላይ ሳጥኑ ከክሩስኮቱ ሥር፣ ከሾፌሩ ጉልበት በላይ ነው። ፊውዞቹ የዛሬዎቹ ዓይነት አይደሉም። ጣት የሚያህል እንኳ የማይሞሉ፣ ሁለት ጫፋቸው የሾጠጠ የሸክላ ዘንጎች ናቸው፤ ከላያቸው ቀጭን የብረት ጥብጣብ ተጋድሟል። ነጩ 8 አምፔር፣ ቀዩ 16 አምፔር ይሸከማል። ጥብጣቡ አልተበጠሰም። ልጁ ግራ ገባው።

መብራቱን አጥፍቼ ፊውዙን በጣቴ ቦታው ላይ እንዳለ ሁለት ሦስት ጊዜ አሽከረከርኩት። መልሰን ስናበራ የኋላው መብራት መጣ። ምስጢር የለውም። ጥብጣቡና የሚይዘው ላሜራ የሚነካኩት በሹል ጫፋቸው ብቻ ነው። በእርጥበትና በዕድሜ ብዛት በመካከላቸው ቀጭን ዝገት ይበቅላል። ለዓይን ፊውዙ ጤነኛ ነው፤ ኤሌክትሪኩ ግን አያልፍም። ሲሽከረከር ዝገቱ ይፋቃል። ዘላቂው መፍትሔ ላሜራውን በቀጭን ብርጭቆ ወረቀት አጽድቶ አዲስ ፊውዝ ማስገባት ነው። አንዳንዱ ሰው በፊውዙ ፈንታ የሲጋራ ፓኮ ብርማ ወረቀት ይጠቀልላል፣ ወይም ሽቦ ያስራል። ይህ ትኩሳት የሚለካውን ቴርሞሜትር ሰብሮ ትኩሳቱ ጠፋ እንደ ማለት ነው። ፊውዝ የተሠራው ሽቦው ከመጋሉ በፊት እሱ እንዲበጠስ ነው። ፊውዙ እንዳይበጠስ ካደረጋችሁት የሚቃጠለው ሽቦው ይሆናል፤ ከሽቦው ቀጥሎ መኪናው።

ጫጫ ላይ ዝናቡ በረታ። ደብረ ብርሃን ስንገባ ከቀኑ 10 ሰዓት ሆኗል፤ ብርሃኑ ግን የምሽት ይመስላል። ከተማዋን የቆረቆሩት በ15ኛው መቶ ዘመን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ናቸው። ስሟን ያገኘችው በሰማይ ላይ ታየ ከተባለው ብርሃን ነው። በዚያች የብርሃን ከተማ የአንድ ሱቅ ግድግዳ ፊት ቆሜ መብራቴን ሳይ፣ የቀኙ ነጭ ሆኖ ይበራል፤ የግራው ደክሞ ቀይ የከሰል ፍም መስሏል።

እዚህ ላይ ነው ጥያቄው የሚጠቅመው። ሁለቱም መብራቶች ቢደክሙ ኖሮ በሽታው የመላው አካል ነው፤ ባትሪ፣ ዲናሞ፣ ወይም የጋራ ሽቦና ማብሪያ። አሮጌ ቮልስ በዲናሞ ስለምትሠራ ሞተሩ ዝግ ብሎ ሲዞር ሁለቱም መብራቶች ትንሽ መቅላታቸው፣ ቤንዚን ሲሰጣት መንጻታቸው የተለመደ ነው። አንዱ ብቻ ሲደክም ግን በሽታው እዚያው ጎን ነው፤ አምፖሉ፣ ፊውዙ፣ መጋጠሚያው፣ ወይም ወደ መኪናው አካል የሚመለሰው መስመር። ጋራዦቻችን ይህን የመመለሻ መስመር «ማሳ» ይሉታል። በቮልስ ላይ ቡናማው ሽቦ ነው። ኤሌክትሪክ ከባትሪ ወጥቶ በመብራቱ አልፎ በብረቱ አካል በኩል ወደ ባትሪው መመለስ አለበት። መውጫው ደህና ሆኖ መመለሻው ከታመመ መብራቱ ይደክማል እንጂ ወዲያው አይጠፋም።

ከአውራ ጎዳናው ገባ ብሎ ያለ ጋራዥ አገኘን። ባለቤቱ በእኔ ዕድሜ ያሉ፣ ቮልስ ሲያዩ ፊታቸው የሚበራ ሰው ናቸው። የልጁን «አምፖሉን በ100 ዋት እንቀይረው» የሚል ምክር ሰምተው ፈገግ አሉ።

«አንተ ልጅ፣ ውኃው ሳይደርስ ቧንቧውን ብታሰፋው ምን ይጠቅምሃል?»

ከኪሳቸው ያወጡት መሣሪያ ከፍሬቻ አምፖልና ከሁለት ሽቦ የተሠራ መፈተሻ ነው። አንዱን ጫፍ ከንጹሕ ብረት ጋር አያያዙ፤ በሌላው ጫፍ የግራውን መብራት ሶኬት ነኩ። መፈተሻው ፏ ብሎ በራ። ስለዚህ ኤሌክትሪኩ እስከዚያ ድረስ ደርሷል፤ ፊውዙም መጪውም ሽቦ ነፃ ናቸው። ቀጥለው አንድ ሽቦ ቆረጡና የመብራቱን ቡናማ መስመር በቀጥታ ከተፋቀ የመኪናው ብረት ጋር አገናኙ። የግራው መብራት ከቀኙ እኩል ነጭ ሆነ። ሽቦውን ሲያነሱ ተመልሶ ቀላ።

«ይኸው ሲስተር፣ በሽተኛው ተናገረ» አሉኝ።

የማሳው ብሎን ሥር ያለው ላሜራ በዝገት ተበልቶ ነበር። ፈትተው፣ ብረቱ እስኪያብረቀርቅ ፍቀው፣ ጫፉን በአዲስ ላሜራ ቀይረው አጥብቀው አሠሩት፤ ዳግም ውኃ እንዳይገባው ከላዩ ግራሶ ቀቡት። ይህ ሁሉ ሃያ አምስት ደቂቃ አልፈጀም።

ልጁ ግን የ100 ዋቱን ነገር አልለቀቀም። እንግዲህ በወረቀት ላይ እናስላው ተባለ። ዋቱን በቮልት ስናካፍለው አምፔሩን እናገኛለን። የእኔ መኪና አጭር መብራት 40 ዋት ነው፤ ለ12 ሲካፈል 3 ከምናምን አምፔር። ረጅሙ 45 ዋት ነው። 100 ዋት አምፖል ግን ለብቻው ከ8 አምፔር በላይ ይጠጣል፤ ፊውዙ ከሚሸከመው በላይ ነው፤ የሃምሳ ዓመቱን ሽቦና ማብሪያም ያግላል። በዚያ ላይ ቮልቱ በመንገድ ላይ ከተንጠባጠበ ትልቁ አምፖልም አይረዳም። አምፖል ከሚገባው ቮልት አንድ አሥረኛውን ሲያጣ፣ ከብርሃኑ የሚቀነሰው አንድ አሥረኛ ሳይሆን ሲሶ ያህሉ ነው። ስለዚህ ዝገት መፋቅ ብዙ ጊዜ አምፖል ከመቀየር የበለጠ ብርሃን ይሰጣል። ልጁ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው።

ሰዓቱ 11 ተኩል ሆኗል። ልጁ «አሁንማ በራልን፣ እንሂድ» አለ። ቀጠሮው ከነገ ወዲያ ነው፤ ባልደረባዬም እየጠበቀችን ነው። እኔ ግን በድንገተኛ ክፍል ያየኋቸው ማታዎች ትዝ አሉኝ። አንድ ሌሊት የመጣ ሾፌር እጁን እየሰፋንለት ደጋግሞ ይለን የነበረው ነገር ከጆሮዬ አይጠፋም፦ «አንድ መብራት ብቻ ነው ያየሁት፤ ሞተር ሳይክል መሰለኝ።» እኛ በቀኝ ስለምንነዳ ከፊት ለሚመጣው የሚቀርበው የግራ መብራታችን ነው። ያ መብራት ከሌለ የሚመጣው ሾፌር የመኪናችን ጠርዝ የት እንደሚያልቅ አያውቅም፤ በቀኙ መብራት ለክቶ ይመጣብናል። የተጠገነ ነገር ደግሞ ከመታመኑ በፊት አንድ ሌሊት ቢታይ ይሻላል። ደውዬ ነገ በጠዋት እንደምንደርስ ነገርኳት። ደብረ ብርሃን አደርን። ከተማዋ በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ የታወቀችው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሁለት ደርቤ ተኛሁ።

ረቡዕ ማለዳ ጣርማ በር ጥርት ብሎ ጠበቀን። ከዋሻው ስትወጡ መሬቱ ከእግራችሁ ሥር ይወርዳል፤ እርከን የተሠራባቸው ማሳዎች፣ በገደል አፋፍ የተቀመጡ ጎጆዎች፣ ከታች ደግሞ ሰማያዊ ሆኖ የሚታየው ቆላ። ደብረ ሲና ላይ የቆሎ ሻጮች መኪናዋን ከበቧት፤ ገብሱን ከሽምብራው ቀላቅለን ገዛን። ከዚያ እስከ ሸዋ ሮቢት ሙቀቱ በየመታጠፊያው ይጨምራል። ጠዋት ጋቢ የለበሰ ሰው ረፋዱ ላይ ሹራቡን ያወልቃል፤ ከዋሻው እስከ ከተማው ከ1,500 ሜትር በላይ ትወርዳላችሁና። የሽንኩርቱ ማሳና የማንጎው ጥላ ልክ ሳውቀው እንደነበረው ነው።

ባልደረባዬ በር ላይ ተቀምጣ ነበር። ድምፄን ስትሰማ ተነሳች። ፊቴን በእጇ ዳሰሰችና «ከሳሽ ወይስ ወፈርሽ? አይታየኝም እኮ» አለችኝ። ቡና ሳንጠጣ መሄድ አይታሰብም፤ እስከ ሦስተኛው ጠጣን።

እሷን ከማስቀመጤ በፊት የኋላ ወንበሩን አንስቼ ባትሪውን አየሁ። ቮልስ ላላችሁ ሁሉ ይህን አጥብቄ እላለሁ። የባትሪው ሽፋን ከጠፋ፣ ሰው ሲቀመጥ የወንበሩ ብረት ስፕሪንግ ወርዶ የባትሪውን ዋልታ ሊነካ ይችላል፤ ከዚያ የሚነሳው እሳት ከሰው ሥር ነው። ሽፋኑ በቦታው ነበር፤ ማሰሪያውም ጥብቅ ነው።

በመልስ ጉዞ ጣርማ በር ስንደርስ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት አልፏል። ጭጋጉ ከደብረ ሲና በላይ ጀምሮ ወርዷል። መጀመሪያ ተራራው ጠፋ፣ ቀጥሎ የመንገዱ ዳር፣ ቀጥሎ ከፊታችን ያለው አስፋልት። ከኋላ ወንበር ባልደረባዬ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ጠየቀችኝ።

«እህቴ፣ ይሄ ጭጋግ ነው ወይስ ዓይኔ ነው?»

«ጭጋግ ነው። እኔም አይታየኝም።»

«እሰይ! አሁን እኩል ሆንን» አለችና ሳቀች።

ልጁ «ረጅሙን አብሪው» አለኝ። በጭጋግ ረጅም መብራት አይበራም። ጭጋግ ጥቃቅን የውኃ ጠብታ ስለሆነ ወደ ፊት የተላከው ኃይለኛ ብርሃን ተበትኖ ወደ ዓይናችሁ ይመለሳል፤ ነጭ ግድግዳ ይሆንባችኋል። አጭሩ መሬት መሬቱን ያያል። በአጭር መብራት፣ በሁለተኛ ማርሽ፣ የአስፋልቱን ጠርዝ እየተከተልን ወጣን። በየመሃሉ ክሩስኮቱ ላይ ያለችውን ቀይ መብራት እመለከታለሁ። ቮልስ ላይ ዲናሞውን የሚያዞረው ቺንጋ የሞተሩን ማቀዝቀዣ ፋንም ያዞራል። እየነዳችሁ ቀዩ መብራት ከበራ ባትሪው አልሞላም ብሎ ብቻ አይደለም የሚነግራችሁ፤ ቺንጋው ተበጥሶ ከሆነ ሞተሩ ያለ ማቀዝቀዣ ቀርቷል፤ ወዲያው ዳር ይዞ ማቆም ነው። ቀዩ መብራት አልበራም።

ዋሻው ውስጥ ገባን። ግድግዳው ውኃ ያነባል፤ ጭጋጉም ተከትሎን ገብቷል። መሃል ላይ ስንደርስ ከወዲያ አፍ አውቶቡስ ገባ። መንገዱ ለሁለት መኪና ጠባብ ነው። ቀኝ ግድግዳውን ተጠግቼ ዝግ አልኩ። የአውቶቡሱ ሾፌር መብራቱን ብልጭ አድርጎ ወደ ራሱ ዳር ሸሸ፤ ከግራ መብራቴ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት አለፈን። ልጁ እስኪያልፍ ድረስ ትንፋሹን ይዞ ነበር። ባልደረባዬ «ምን አለፈ?» አለች። «አውቶቡስ ነው፣ አለፈ» አልኳት።

ማታ 2 ሰዓት ገደማ አዲስ አበባ ገባን። ሐሙስ ጠዋት በቀጠሮው ሰዓት አደረስኳት፤ የመጀመሪያው ዓይኗ በዚያው ቀን ተሠራ። በማግስቱ ፋሻው ሲነሳ የመጀመሪያ ቃሏ «አርጅተሻል እኮ!» የሚል ነበር።

አሮጌ መኪና ይዛችሁ ወደ ጣርማ በርም ሆነ ወደ ሌላ ጭጋጋማ ዳገት የምትወጡ አንባቢዎቼ፣ ከመነሳታችሁ በፊት አሥር ደቂቃ ስጡት። ማታ ከግድግዳ ፊት ቆማችሁ የሁለቱን የፊት መብራቶች ቀለም አወዳድሩ። አንድ ሰው ከኋላ አቁማችሁ ፍሬን ርገጡ፤ ፍሬን ሲረገጥ የኋላው መብራት የሚደክም ወይም ፍሬቻው የሚርገበገብ ከሆነ የዚያ ጎን ማሳ ታሟል። ፍሬቻው ከወትሮው ፍጥነቱን ከቀየረ ወይም ካልተርገበገበ በዚያ ጎን የተቃጠለ አምፖል ፈልጉ። ፊውዞቹን መብራት አጥፍታችሁ አሽከርክሩ፤ ትርፍ ነጭና ቀይ ፊውዝ፣ አንድ የፊትና አንድ የኋላ አምፖል፣ አንድ ክንድ ሽቦ፣ ካቻቢቴና ፒንሳ በመኪናችሁ ይኑር። ባትሪው ካደረ በኋላ 12 ከግማሽ ቮልት አካባቢ፣ ሞተሩ ጠንከር ብሎ ሲዞር ደግሞ 14 አካባቢ ካሳየ ዲናሞው ሥራውን እየሠራ ነው። የፊት መስታወታችሁንም በጨርቅ ጥረጉት።

ከቻላችሁ ደግሞ ጣርማ በርን በጠዋት እለፉት። ቁልቁለቱን ማየት የሚቻለው ያን ጊዜ ነው። ደብረ ሲና ስትደርሱ ቆሎውን ትኩሱን ምረጡ።